«አባ» የሚለው ቃል በየሕዝቡ አፍ ያለው ታሪክ

በሱሉልታ፥ በቡራዩና በሰበታ ገበያ የሚውል ሰው «አባ» የሚለውን ቃል በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ዐይነት ትርጉም ሊሰማው ይችላል። አንዲት ሴት ቆብ ደፍቶ የሚያልፈውን መነኵሴ «አባ፥ ይፍቱኝ» ስትል፥ በአጠገቧ ቅቤ የምትሸጠው የኦሮሞ ሴት ስለ ባሏ ስትናገር «አባ መና» ትላለች፤ ከወዲያ ደግሞ ስለ ዐድዋ ጦርነት የሚጨዋወቱ ሽማግሎች ዳግማዊ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያሉ ያነሣሉ። ቃሉ አንድ፥ ፊደሉም አንድ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓለምን የናቀ መነኵሴ፥ ኹለተኛው ቤትና ትዳር ያለው ባል፥ ሦስተኛው ጦር የሚያዘምት ንጉሥ ነው።

እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን በሦስት ወገን የሚከቧት ናቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን በጐጃም መንገድ፥ ቡራዩ በስተ ምዕራብ የገፈርሳ ግድብ ባለበት በአምቦ መንገድ፥ ሰበታም በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። አገሩ የቱለማ ኦሮሞ አገር ሲኾን፥ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከተቀመጡ ወዲህ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ፥ ካህኑ፥ ወታደሩና ነጋዴው በዚያው በዝቶ ኖሯል። እንዲህ ኹለት ቋንቋ ጎን ለጎን በሚነገርበት ስፍራ ትርጉሙ ጨርሶ የማይታወቅ ቃል ሰውን እምብዛም አያሳስተውም፤ ሰው ያላወቀውን ይጠይቃልና። የሚያሳስተው በኹለቱም ቋንቋ ያለ፥ ኹሉም የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። የቅኔ መምህራን ኅብረ ቃል የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው፤ ልዩነቱ የቅኔው ኅብር በባለቅኔው ፈቃድ ሲሠራ፥ ይህኛው ማንም ሳያስበው በታሪክ የተሠራ መኾኑ ነው።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢኾን ለሰዋስው መምህራን በተተወ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቃል ሰው ይዳኛል፥ ርስት ይጠየቃል፥ ወንጌል ይሰበካል፥ የነገሥታትም ስም ይተረጐማል። ስለዚህ ቃሉ ከየት እንደ መጣና በየሕዝቡ አፍ ምን እንደ ኾነ መመርመር ይገባል።

በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው አባ ምንጩ አራማይክ የተባለው የአራም ቋንቋ ነው። በጌታ ዘመን የገሊላና የይሁዳ ሕዝብ አባቱን የሚጠራው በዚህ ቃል ነበር። በሐዲስ ኪዳን ቃሉ ሳይተረጐም እንዳለ የተቀመጠበት ቦታ ሦስት ነው፤ ይኸውም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ በጌቴሴማኒ በጸለየው ጸሎት፥ በሮሜ ምዕራፍ 8ና በገላትያ ምዕራፍ 4 ነው። ወንጌሉን በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ወንጌላዊ ትርጉሙን ከጎኑ ቢጽፍም ቃሉን ግን አልጣለውም። የጀርመኑ ሊቅ ዮአኪም ኤሬምያስ ቃሉ ሕፃን ለአባቱ ከሚናገረው የፍቅር ንግግር የወጣ መኾኑን በሰፊው አስተምሮ ነበር፤ ኋላ ግን ጄምስ ባር የተባለ ሌላ ሊቅ በ1988 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጥናት ቃሉ የሕፃን ብቻ ሳይኾን ያደገ ልጅም አባቱን በክብር የሚጠራበት እንደ ነበር አስረዳ። በዚያው በአይሁድ ዘንድ አባ የሰው መጠሪያ ስምም ነበር፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በባቢሎን የሱራን ጉባኤ ቤት ያቋቋመው ታላቁ መምህር አባ አሪካ ይባል ነበር። ወንጌል በርባን ብሎ የሚጠራው ወንበዴም ስሙ ባር አባ፥ ማለት የአባት ልጅ ከሚለው የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ወደ ግብጽ በረሃ ወረደ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን እነ እንጦንስ፥ እነ መቃርስ፥ እነ ጳኩሚስ ዓለምን ትተው በገዳም ሲሰበሰቡ፥ ወጣቱ መነኵሴ ምክር ሊጠይቅ የሚሄድበትን ሽማግሌ አባ ይለው ጀመር፤ ግብጻውያን በራሳቸው አነጋገር አፓ፥ ግሪኮችም አባስ አሉት። ሽማግሌው በሥጋ የወለደው ልጅ የለውም፤ አባት የተባለው በምክሩ ስለ ወለደ ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን ተሻግሮ፥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቤኔዲክቶስ በጻፈው የገዳም ሥርዐት የገዳሙ አለቃ በዚህ ስም ተጠራ፤ ዛሬ ፈረንሳዮች አቤ፥ ጀርመኖች አፕት፥ እንግሊዞች አቦት የሚሉት ኹሉ ከዚያ የወጣ ነው።

በፈረንሳይ አገር ግን ቃሉ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1516 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ቀዳማዊ ፍራንስዋ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ከዐሥረኛው ልዮን ጋራ ባደረገው ውል የገዳማትን አለቆች የመምረጥ ሥልጣን ለንጉሡ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ መኳንንት ገዳሙን በዐይናቸው ሳያዩት ግብሩን ብቻ እየተቀበሉ አቤ ይባሉ ጀመር። በበረሃ አንዳች ሀብት የሌለው የምክር አባት ስም የነበረው ቃል፥ በፓሪስ መሬትና ግብር ያለው ጌታ ስም ኾነ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ አባትነት ወደ ባለቤትነት የሚዞርበት መንገድ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለምና።

ወደ ኢትዮጵያ ቃሉ የገባው ከክርስትና ጋራ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳንም እነ አባ ጰንጠሌዎን፥ እነ አባ ገሪማ፥ እነ አባ ሊቃኖስ በዚሁ ስም ይታወቃሉ። የግእዝ ቋንቋ ግን ከሱርስትና ከአራማይክ ጋራ የሴም ወገን ስለ ኾነ፥ ቃሉ ሲመጣ የቆየ ዘመዱን አገኘ። አብ፥ ብዙው አበው የሚለው ቀድሞም በግእዝ የነበረ ነው፤ የንስሐ አባት አበ ነፍስ፥ የገዳም አለቃ አበ ምኔት፥ አብርሃምም አበ ብዙኃን ይባላል። አባታችን ማለት የኾነው አቡነ የጳጳስና የጻድቃን ማዕርግ ኾኖ ቀረ። በትግርኛ አቦ ማለት የሥጋ አባት ነው፤ በአማርኛ ግን አቦ ሲባል ሕዝቡ የሚያስበው ጻድቁን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነው።

የዚህ ምልክት በሰበታ ይገኛል። በዚያ ያለው የሴቶች ገዳም ጌቴሴማኒ ይባላል፤ ይኸውም ጌታ ስለ ሕማሙ ሲጸልይ አባ ብሎ የተጣራበት የአትክልት ስፍራ ስም ነው። በዚያችው በሰበታ የተሠራው የቢራ ፋብሪካ ደግሞ ሜታ አቦ በሚል ስም በአገሩ ኹሉ ታወቀ፤ ጠጅ የማይቀምስ ባሕታዊ ጻድቅ የተጠራበት የአባትነት ስም በቢራ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ በየመጠጥ ቤቱ ዞረ። የጠጪው ሕዝብ ግን በቃሉ ውስጥ አባት የሚል ትርጉም እንዳለ አያስበውም ነበር። ቃል በብዙ አፍ ሲመላለስ የመጀመሪያ ትርጉሙን እንዲህ ይረሳል።

ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን አባ ማለት ከኹሉ በፊት የተወ ሰው ማለት ነው። ሰው ሲመነኵስ በሕይወት ሳለ የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፤ የአባቱን ርስት፥ ሚስትና ልጅን፥ የቀድሞ ስሙንም ትቶ አባ ይባላል። የእኔ የሚለው ነገር ሳይኖረው የብዙዎች አባት ይኾናል።

በኦሮምኛ ያለው አባ ግን ከዚህ ምንጭ የተቀዳ አይደለም። ኦሮምኛ የኩሽ ወገን ቋንቋ ነው፤ ዘመዱ ሱማልኛም አባትን አቤ ይላል። የኦሮሞ ሕዝብ ልጆቹ አባታቸውን አባ ለማለት ከሱርያም ኾነ ከግብጽ መምህር አላስፈለጋቸውም። የሰው ልጅ አፉን ሲፈታ አስቀድሞ የሚወጣለት በከንፈር የሚነገረው ድምፅ ስለ ኾነ፥ እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸው ሕዝቦች አባትንና እናትን በተቀራረበ ድምፅ ይጠራሉ፤ ቱርኩም፥ ቻይናውም፥ ስዋሒሊውም አባትን ባባ ይላሉ። ድምፁ ሲመሳሰል ትርጉሙም የግድ አንድ ነው ለሚል ሰው ግን የጆርጂያ አገር ቋንቋ መልስ ይሰጠዋል፤ በዚያ ማማ ማለት አባት ነውና፥ እናት ግን ዴዳ ትባላለች።

ኦሮምኛ በአባ ላይ የጨመረው ትርጉም ባለቤትነት ነው። አባ መና ሲተረጐም የቤት አባት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ባል ነው፥ ሚስትም ሀዸ መና፥ የቤት እናት ትባላለች። አባ ለፋ የመሬት ባለቤት፥ አባ ቀቤኛ ባለጸጋ ማለት ነው። ሹመትም በዚሁ ይነገራል፤ በየ8 ዓመቱ ሥልጣኑን ለሚቀጥለው ወገን የሚያስረክበው መሪ አባ ገዳ፥ የሹመት በትር የሚይዘው አባ ቦኩ፥ ከሩቅ አገር ምእመናን እየተጓዙ ቅባት ይቀበሉት የነበረው ታላቁ የሃይማኖት አባት አባ ሙዳ ይባላል። የሚያስደንቀው ነገር፥ ይህን የ8 ዓመት ሥርዐት አስቀድሞ በግእዝ የጻፈው ሰው ራሱ በሌላው ትርጉም አባ የተባለ መነኵሴ መኾኑ ነው፤ በ1585 ዓ.ም. ግድም ስለ ኦሮሞ አነሣሥ የጻፈው አባ ባሕርይ የየዘመኑን ሉባ ስም በተራ መዝግቧል። የገዳ ሥርዐት በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ኹለቱ ቋንቋዎች ሲገናኙ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በኦሮምኛ አባ ሴራ ማለት የሕግ ባለቤት፥ ማለት ዳኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ሴራ ሲባል የሚሰማው ተንኰልንና የምስጢር ምክርን ስለ ኾነ፥ ዳኛውን የተንኰል አባት አድርጎ ይሰማዋል። አባ ዱላ የጦር መሪ ነው፤ ዱላ በኦሮምኛ ዘመቻ ማለት ነውና። አማርኛ ሰሚው ግን በትር የያዘ ተደባዳቢ ይመስለዋል። በፍርድ ቤት ደጅ፥ በእርቅ ሸንጎ ወይም በጋብቻ ድርድር ላይ እንዲህ ያለ አንድ ቃል በተሳሳተ ጆሮ ቢገባ የሚያመጣውን ቅያሜ መገመት አያዳግትም። ተናጋሪው ሊያከብር ተናገረ፤ ሰሚው ሲሰደብ ሰማ። ኹለቱም ቃሉን እናውቀዋለን ብለው ስለሚያምኑ አስተርጓሚ አይፈልጉም።

ባለቤትን አባት ብሎ መጥራት የኦሮሞ ብቻ አይደለም። ዐረቦች የአንድ ነገር ባለቤት የኾነውን ወይም በአንድ ነገር የሚታወቀውን አቡ ይላሉ፤ የነቢያቸው ባልንጀራ አቡ ሁረይራ፥ የድመት ግልገል አባት፥ በዚህ ዐይነት ተጠርቷል። አንበሳ የተቀረጸበትን የሆላንድ ብር ነጋዴዎቻቸው አንበሳውን ውሻ አስመስለው አቡ ከልብ፥ የውሻ አባት ይሉት ነበር። በአማርኛም ጠጕራሙን ትል አባ ጨጓሬ፥ የከብቱን በሽታ አባ ሰንጋ ማለት አለ። በዚህ ኹሉ አባ የተባለው ወላጅም መነኵሴም አይደለም፤ ያለው፥ የያዘው፥ በርሱም የታወቀው ማለት ነው።

ይህ ከታወቀ የነገሥታቱ የፈረስ ስም ይፈታል። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ኹለቱም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር፤ ፊተኛው አባ ታጠቅ ካሳ፥ ኋለኛው አባ በዝብዝ ካሳ ተብለው በፈረሳቸው ስም ይለያሉ። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ነበሩ። ቃሉን በግእዝ ብቻ የሚፈታ ሰው በዚህ ይቸገራል፤ ሚስት ያገባ፥ ጦር የሚመራ ሰው ስለ ምን በመነኵሴ ማዕርግ ይጠራል? የታጠቅ አባት እንዳይባልም ታጠቅ የልጅ ስም አይደለም፥ የፈረሱ ስም ነው። ኦሮምኛ ለሚሰማ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ አባ ታጠቅ ማለት ታጠቅ የተባለው ፈረስ ባለቤት ማለት ነው።

ለዚህም ምስክር የሚኾኑ የጊቤ ነገሥታት ናቸው። የጅማው አባ ጅፋር፥ የሊሙው አባ ባጊቦ እስላሞች ሲኾኑ የሚጠሩት በፈረስ ስም ነበር፤ የእነርሱ አባ ከገዳም ጋራ የሚያገናኘው ነገር የለም። የፈረስ ስም ልማድ ከኦሮሞ ፈረሰኞች ጋራ የጸና ዝምድና እንዳለው ከዚህ ይታያል፤ ኾኖም ራስ አሉላን የመሰሉ የትግራይ መኳንንት ሳይቀሩ ስለ ያዙት፥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ጦረኛ ኹሉ የጋራ ልማድ ኾኖ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1961 ዓ.ም. ስለ ፈረስ ስም ራሱን የቻለ ጥናት ማሳተማቸው ነገሩ ከባህል ታሪክ የሚቈጠር መኾኑን ያሳያል።

ከእነዚህ ኹሉ ስሞች አንዱ በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበር። እርሳቸው በትውልዳቸው ከጨቦ ኦሮሞ ሲኾኑ በምኒልክ ቤት አድገው ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ኾኑ፤ በብልኀታቸውና በፍርድ ዐዋቂነታቸውም የታወቁ ነበሩ። መላ በአማርኛ ብልኀት፥ በኦሮምኛም ምክርና ዘዴ ነው። ስለዚህ አባ መላ የሚለው ስም በኹለቱም ቋንቋ አንድ ትርጉም ሰጠ፤ አማራውም ኦሮሞውም ያለ አስተርጓሚ አንድ ነገር ሰሙ። አባ ሴራ ባለያየበት አገር አባ መላ አስማማ። የፈረስ ስም እስከ ምን ድረስ ይከበር እንደ ነበር ደግሞ ከ1943 ዓ.ም. ታሪክ ይታወቃል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኮሪያ የላኩትን ሻለቃ በአባታቸው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ብለው ሰይመውታል።

አማርኛ ራሱ ባለቤትነትን የሚናገረው በሌላ ቃል፥ ባለ በሚለው ነው፤ ባለ ቤት፥ ባለ ሀብት፥ ባለ መሬት ይላል፤ የሚስት ጌታም ባል ነው። የዚህ ቃል ዘር ከጥንት የሴም ሰዎች በአል ከሚሉት ጋራ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ጌታ፥ ባለቤት፥ ባል ሲኾን የከነዓን ሰዎች ጣዖታቸውን የጠሩበት ስም ነበር። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 2 እግዚአብሔር ሕዝቡ ወደ ፊት በዚህ ስም እንዳይጠራው፥ በሌላው የባልነት ስም እንዲጠራው መፈለጉን የጻፈው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ኦሮሞው ባለቤትን አባት ብሎ ቢጠራ፥ አማራው ነቢያት በተዋጉት ስም እየጠራ ሊስቅበት አይገባም። ይልቁንም በሚስትና በባል ነገር ኹለቱ በሐሳብ ይገናኛሉ፤ አማርኛ ተናጋሪው ባለቤቴ ሲል፥ ኦሮሞዪቱም አባ መና ስትል፥ ኹለቱም ትዳርን የሚናገሩት በቤት ጌትነት ነው።

አማርኛ ይህን የኦሮምኛ ትርጉም ሳያውቀው በየቀኑ ይናገርበታል። የቤተ ሰብ አለቃን አባወራ የሚለው ቃል፥ ወራ በኦሮምኛ ቤተ ሰብ ማለት ስለ ኾነ፥ የቤተ ሰብ ባለቤት ማለት ነው። የቀበሌ ጸሓፊ አባወራ ሲቈጥር፥ እህል ለተቸገሩ ሲከፋፈል፥ መዝገቡ የሚጻፈው በዚህ ቃል ነው። ባል የሞተባት ሴት የቤቱ አለቃ ስትኾን ደግሞ በዚያው አምሳል እማወራ ተብላለች።

ባለና አባት በአንድ ቃል የተገናኙበትም አለ፤ ባላባት ነው። ቃሉን ለፈታው ሰው ባለ አባት፥ ማለት አባቱ የታወቀ፥ ዘሩ የሚቈጠር ማለት ነው። አባቱ የታወቀለት ሰው መሬቱም የታወቀለት ስለ ነበረ፥ ባላባት የመሬት ጌታ ስም ኾነ። ዳግማዊ ምኒልክ ባስገበሯቸው ብዙ አገሮች የአገሩ ተወላጅ አለቃ ባላባት ተብሎ ከመሬቱ ሲሶ ሲቀርለት፥ የቀረው ለመንግሥትና መንግሥት ለሰጣቸው ሰዎች ኾነ። በዚያን ጊዜ አባቱ ያልተመዘገበለት አራሽ በአባቱ እርሻ ላይ ጢሰኛ ኾነ። ኦሮሞው አባ ለፋ ሲል ይህን ያስታውሳል፤ መሬት አባት አላት፥ አባትም መሬቱን ይጠብቃል፥ ለልጁም ያስተላልፋል እንጂ እንደ ሸቀጥ የሚመለከታት ብቻ አይደለም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ባላባት የሚለው ስም ከመዝገብ ጠፋ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ እንዳልኾነ ወሰነ። በሕግ አባ ለፋ የሚባል ግለሰብ የለም፤ በሕዝቡ ልብ ግን ቃሉ አልሞተም። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋራ የሚያቀናጅ ማስተር ፕላን ሲሰማ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ የሚገኙበት ዙሪያ የክርክሩ መካከል ኾነ፤ በኦሮሚያ የተነሣው ተቃውሞ ብዙ ሰው ከሞተበት በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ቀረ። የሕግ ሰዎች ስለ ይዞታ ሲናገሩ፥ ገበሬው ስለ አባትነት ይናገር ነበር። ለአንዱ መሬቱ የሚለካ ቦታ ነው፥ ካሣው ከተከፈለ ነገሩ አለቀ፤ ለሌላው ግን የአባት ስም ነው። የዚህ ጠብ ምክንያት አንድ ቃል ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ኹለቱ ወገኖች አባት በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ክብደት እኩል ሳይሰሙት መቅረታቸው ነገሩን አላቀለለውም።

የመጽሐፍ ተርጓሚዎችም ይህን ክብደት ያውቁታል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክሞ በግእዝ ፊደል ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በማርቆስ ወንጌል አባ የሚለውን የአራም ቃልና ከጎኑ የተጻፈውን ትርጉሙን ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ ሰው ኹለቱ አንድ ቃል ይኾኑበታል፤ ግሪኩ፥ ላቲኑ፥ እንግሊዙ እንግዳ አድርገው ያስቀመጡት ቃል ለኦሮሞው ልጅ የቤቱ ቃል ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የኦሮሞ ምእመን ሰማያዊ አባቱን ሲጠራ ወላጅን ብቻ ሳይኾን ባለቤትንም በአንድ ቃል ይጠራል። የአማርኛው ሰባኪ አባትነትንና ጌትነትን በኹለት ቃል ለይቶ ማስረዳት ያለበትን ነገር፥ የኦሮምኛው ሰባኪ በአንዱ ቃል ይናገራል፤ ነገር ግን ባለቤትነቱ አባትነቱን እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ አለበት።

ከዚህ ኹሉ የሚታየው፥ ይህ አንድ ቃል ከኹለት ምንጭ ወርዶ በአንድ አገር መገናኘቱ ነው። አንደኛው ከአራም ተነሥቶ በግብጽ በረሃ በኩል የመጣው፥ ያለውን የተወውን ሰው አባት አለው። ኹለተኛው ከኦሮሞ ቤት የወጣው፥ ያለውን የሚጠብቀውን ሰው አባት አለው። ፊተኛው አባት ቢወድቅ እንደ ፈረንሳዩ አቤ ግብር ብቻ የሚበላ ይኾናል፤ ኋለኛውም ቢወድቅ ቤቱንና መሬቱን የሚጨቍን ጌታ ይኾናል። ኹለቱም እንዳይወድቁ ሥርዐት ተሠርቶላቸው ነበር፤ መነኵሴው ርስቱን ትቶ እንዲገባ፥ አባ ገዳውም 8 ዓመት ሲሞላ በትሩን እንዲያስረክብ።

እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ከተሞችና እንደ እነርሱ ኹለት ቋንቋ በሚነገርበት ስፍራ የሚያገለግል ካህን፥ የሚፈርድ ዳኛ፥ የሚጽፍ ጸሓፊና የሚያስተምር መምህር ኹሉ፥ አንድ ቃል በጆሮው ሲገባ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነገረ አስቀድሞ ይጠይቅ። አባ ሲባል መነኵሴ ነው፥ ወላጅ ነው፥ ባል ነው፥ ወይስ ባለ መሬት ነው ብሎ ሳይለይ አይፍረድ፥ አይጻፍም። ቃሉን የሚያውቀው ከመሰለው ደግሞ ይልቁን ይጠይቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባወቀው ቃል ነውና።